ስድስት ወር ሞላ ማለት ክርኗ ዳነ ማለት አይደለም፦ ሐዋሳ ላይ በስፖርት ለምትወስኑ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ሐዋሳ ላይ በስፖርት ጉዳይ "ትግባ" "አትግባ" ለምትሉ ሰዎች ነው፣ ለክለብ አመራሮች፣ ለአሰልጣኞች፣ ለቡድን ወጌሻዎች፣ ቢሮና ፌዴሬሽን ውስጥ ላላችሁም፣ ታዳጊ ፕሮጀክት ይዛችሁ በሌሊት ሜዳ ለምትወጡትም። መጀመሪያ በማመልከቻ ወግ "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀምሬው ነበር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ለማን እንደምጽፈው ጠፋኝ፣ ምክንያቱም አንዲት ልጅ ከኦፕራሲዮን በኋላ መቼ ወደ ሜዳ እንደምትመለስ የሚወስነው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ሐኪሙን ስትጠይቀው ክለቡ ነው ይላል፣ ክለቡ ሐኪሙ ነው ይላል፣ አሰልጣኙ ልጅቷን ጠይቋት ይላል፣ ልጅቷ ደግሞ ተጫዋች ናት፣ ምን ትበል? ስለዚህ በቃ ለሁላችሁም ጻፍኩት።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፣ ድሮ እጅ ኳስ ተጫውቻለሁ (ብዙም አልነበርኩም፣ ክንፍ ላይ ቆሜ ኳስ እስኪመጣልኝ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት)። ሐኪም አይደለሁም። የማወራው በእህቴ ክርን ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩትንና ፊዚዮቴራፒስቷን እየጠየቅኩ ያሰለቸኋትን ነው።

እህቴ ከኋላ መስመር ዘላ የምትተኩስ የእጅ ኳስ ተጫዋች ናት። ክለቧን አልጠራም፣ የት ከተማ እንዳለም አልናገርም፣ ስም ብጠራ ወሬው ስለዛ ክለብ ብቻ ሆኖ ያልቃል። አንድ ጨዋታ ላይ ልትተኩስ ዘላ እጇን ወደኋላ ስታደርግ ተከላካይዋ ክንዷን ከኋላ ያዘቻት፣ ሰውነቷ ወደፊት ሄደ እጇ እዛው ቀረ፣ "ክርኔ ውስጥ ጧ ሲል ሰማሁት" ነው ያለችኝ። ወለምታ ነው ተባለ። በረዶ ተደረገ፣ ታሸ፣ ታሰረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜዳ ገባች። እናታችን ደግሞ ሰፈር ያሉ ወጌሻ እማማ ጋ ወሰደቻት፣ እሳቸው ክርኗን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው "ይሄ ውልቃትም አይደለም፣ አጥንትም አይደለም፣ እኔ አልነካውም ሐኪም ይየው" ብለው መለሷት። ይሄን የምነግራችሁ በወጌሻ ማላከክ ፋሽን ስለሆነ ነው። በኛ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ "አላውቀውም" ያለ ሰው እሳቸው ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

እንደውም አንድ ነገር ልበል፣ የቋንቋችንም ችግር አለበት። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት እንላለን፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት እንላለን፣ አንዳንዱ ሰው ደም ስሩንም ጅማት ይለዋል። ታዲያ "ጅማቷ ነው" ሲባል ሁሉም ሰው በመታሸት የሚለቅ ነገር ይመስለዋል። እህቴ የተበጠሰባት አጥንትን ከአጥንት የሚይዘው፣ በክርን የውስጠኛው ጎን ያለው ሊጋመንት ነው። ወርዋሪ ሰው እጁን ከኋላ ወደፊት ሲያስወነጭፍ ክርኑ ወደ ውጪ እንዳይከፈት የሚይዘው እሱ ነው። በቤዝቦል (አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው) ወርዋሪዎች ላይ ተለክቶ በአንድ ውርወራ ክርኑ ላይ በአማካይ 64 ኒውተን ሜትር ገደማ ጠምዛዥ ኃይል ይመጣል፣ ጅማቱ ለብቻው ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈተን ግን ግማሹ ላይ፣ 32 አካባቢ ላይ ይበጠሳል። ቀሪውን የሚሸከሙት የክንድ ጡንቻዎች ናቸው። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወራት ሄዱ፣ አዲስ አበባ ወጣን፣ ኤም አር አይ ተነሳች፣ ኦፕራሲዮን ተባለ። ከራሷ የእጅ አንጓ ላይ ቀጭን ጅማት ወስደው ክርኗ ላይ ተከሉት። ሐኪሙ ያ ጅማት መኖሩን ያየው እንዲህ ነው፣ አውራ ጣትሽን ከትንሿ ጣትሽ ጋር አጋጥሚና አንጓሽን ወደ ውስጥ እጠፊ አላት፣ መሃል ላይ እንደ ክራር ክር የሚወጠር ነገር ታየ። እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም፣ ባይኖረውም ምንም አይጎድልበትም። ቤት ተመልሰን ሁላችንም ስንሞክር እናቴ ግራ እጇ ላይ የላትም፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ እንጀራ ጋግራ አሁን አወቀች፣ "ታዲያ እኔን ክለብ ማን ይወስደኝ ነበር" ብላ አሳቀችን።

ኦፕራሲዮኑ ጥቅምት 12 ነበር። ስንወጣ የሰጡን ወረቀት ላይ ከብዙ ነገር በታች አንድ መስመር አለ፣ "ለ6 ወር ከውድድር ትረፍ"። ያቺ መስመር ናት ጉድ የሰራችን። ወረቀቱ ክለብ ገባ፣ ኮፒ ተደረገ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እንደ መድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እንዳለ ቀን ተቆጠረ። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡም ቀላል ነው፣ ጥቅምት 12፣ ሚያዝያ 12፣ ድፍን 180 ቀን። ሐኪሙ እንግዲህ "ቢያንስ 6 ወር አትጫወት" ማለቱ ነበር፣ ክለቡ ያነበበው "በ6 ወሯ ትጫወታለች" ብሎ ነው። አማርኛው አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሰማይና ምድር።

በመሃል በሳምንት ሁለቴ ፊዚዮ ትሄድ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ መጋቢት መጨረሻ ላይ "ገና ነሽ" ብላታለች፣ የክንዷ ጡንቻ ገና እንደሆነ፣ ትከሻዋም እንደደከመ፣ ውርወራ ደረጃ በደረጃ መጀመር ያለባት አሁን እንደሆነ ነግራታለች። ግን ይሄ የተነገረው በቃል ነው፣ ለእህቴ ብቻ ነው፣ ከክለብ ማንም ደውሎ አልጠየቃትም። ወረቀት ያለው 6 ወር የሚለው ነው። ሚያዝያ ላይ ቡድኑ ሁለት ተኳሽ ተጎድቶበታል፣ ኮች ወረቀቱን አውጥቶ "ዛሬ ስድስት ወሯ ነው፣ እንዴት ነሽ?" አላት፣ ሰው መሃል፣ ጓደኞቿ እያዩ። "ደህና ነኝ" አለች። ምን ትላለች?

እኔም እዛው ነበርኩ። ስትገባ አጨብጭቤያለሁ፣ ቪዲዮም ቀርጫለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ከላይ ሆኜ ነው የምጽፈው እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሹቶች ጎል ሆኑ፣ ሦስተኛውን ስትተኩስ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ደነዘዙ። ክርናችንን ጠርዝ ሲመታን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን ነርቭ አለ አይደል፣ እሱ በዛው በውስጠኛው በኩል ነው የሚያልፈው፣ ክርኑ ሲከፈት እሱም ይወጠራል። እህቴ አልተናገረችም። ኳሱን በግራ እጇ ማንጠር ስትጀምር ነው ያወቅኩት። ማታ ሹካ ወደቀባት፣ ከዛ ነው እውነቱ የወጣው። የተተከለው ጅማት እንደ እድል አልተበጠሰም፣ ግን ላልቷል ተባለ፣ ነርቩም ተቆጥቷል፣ እንደገና ከዜሮ። ውሏ ሰኔ 30 አለቀ፣ አልታደሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለምንድነው 6 ወር ላይ ያታለለን? ምክንያቱም ህመሙ ቀድሞ ይሄዳል። ከቦታው ተነስቶ የተተከለ ጅማት መጀመሪያ ላይ ደም የሌለው ገመድ ነው፣ ቀስ እያለ አዲስ የደም ስር ይገባበታል፣ ሕዋሶቹ ይተካሉ፣ ቃጫው እንደገና ይደራጃል፣ እውነተኛ ሊጋመንት ወደመምሰል ለመድረስ አንድ ዓመትና ከዛ በላይ ይፈጃል። ጠባሳው ግን በሦስት ወር ይደርቃል፣ እጁ በአራት ወር ይዘረጋል፣ በአምስት ወር ተጫዋቹ ከማንም በላይ ጤነኛ ነኝ ይላል፣ ከልቡ ነው የሚለው፣ አይዋሽም። ሰውየው የተሻለው ቀን እና ጅማቱ የጠነከረው ቀን አንድ አይደሉም፣ በመሃከላቸው ወራት አለ፣ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ጨዋታ የምናስገባው እዛ መሃል ላይ ነው።

ይሄ ኦፕራሲዮን ከየት እንደመጣ ሳነብ ገርሞኛል። ቤዝቦል የሚባለውን ነገር እዚህ ማንም አያየውም፣ እኔም ሕጉ እስካሁን አልገባኝም፣ ግን የዚህን ክርን ታሪክ የጻፉት እነሱ ናቸው። ቶሚ ጆን የሚባል የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ጅማቱ ተበጠሰ፣ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከአንጓው ጅማት ወስዶ ተከለለት፣ ያኔ የመመለስ እድልህ ከመቶ አንድ ነው ብሎት ነበር። ሰውየው 1975ን ሙሉ አልተጫወተም። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት! በ1976 ተመለሰ፣ እስከ 1989 ወረወረ፣ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጡ ናቸው። አሁን ኦፕራሲዮኑ ራሱ በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት የሐኪሙን ጥበብ ብቻ አይደለም፣ ያን ሁሉ ወር የጠበቀውን ክለብ ጭምር ነው።

"እሱ ድሮ ነው፣ አሁን ሕክምናው አድጓል" ትሉኝ ይሆናል። አድጓል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 1,281 ስፖርተኞችን አይቶ 83 በመቶው ወደ ነበሩበት ደረጃ ወይም ከዛ በላይ ተመልሰዋል ይላል፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን እዛው ላይ ወደ ሙሉ ውድድር ለመመለስ በአማካይ የፈጀባቸው 11.6 ወር ነው። አማካይ ነው እንግዲህ፣ ከዛ የዘገየም ብዙ አለ፣ ከስድስት አንዱ የሚጠጋው ደግሞ ወደነበረበት አልደረሰም። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ፊዚዮ ያላቸው፣ ጂም ያላቸው፣ ምግባቸው የሚመዘንላቸው ናቸው። እኛ በምን ሒሳብ በግማሹ ጊዜ እንደምንጨርስ አላውቅም፣ ከባጃጅ ወርደን ነው ፊዚዮ የምንገባው እኮ።

ግን ተቃራኒውንም ልናገር፣ ምክንያቱም "እሺ በቃ አንድ ዓመት እንበል" ብሎ ሌላ ቀን መለጠፍም ያው ስህተት ነው። ጅማቱ ከተሰካበት ጫፍ ብቻ ተገንጥሎ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ ሳይተካ እዛው ተሰፍቶ በጠንካራ ቴፕ የሚደገፍበት አዲስ አሰራር አለ፣ በሱ የተሰሩት በስድስት በሰባት ወር የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ለእነሱ 6 ወር እውነት ነው። ሕንዳዊው ጦር ወርዋሪ ኒራጅ ቾፕራ በ2019 ሜይ ክርኑን ተሰርቶ በ2020 ጃንዋሪ 87.86 ሜትር ወርውሮ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አለፈ፣ ስምንት ወር መሆኑ ነው፣ ግን እሱ ላይ የተሰራው የአጥንት ስባሪ ማውጣት ነው እንጂ ጅማት መትከል አይደለም። ሁለቱም "የክርን ኦፕራሲዮን" ይባላሉ። እንግዲህ አንድ አመራር ስልኩ ላይ ይሄን አይቶ "ሕንዱ በስምንት ወር ኦሊምፒክ ገባ" ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?

ደግሞ የሚሰራው ስራ ይለያያል። ጃፓናዊው የቤዝቦል ተጫዋች ሾሄ ኦታኒ ይወረውራልም በዱላ ይመታልም። በ2023 ሴፕቴምበር ክርኑን ተሰራ፣ በ2024 ማርች ሜዳ ገባ፣ ያን ዓመት መቺ ብቻ ሆኖ 54 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያወጣ ምት) መታ፣ በጨዋታ ግን አንድም ኳስ አልወረወረም፣ ወደ ውርወራ የተመለሰው በ2025 ጁን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ክርን፣ አንድ ኦፕራሲዮን፣ ለመምታት ስድስት ወር፣ ለመወርወር ሃያ አንድ ወር። ይሄን ሳነብ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ እህቴን ሚያዝያ ላይ መከላከል ብቻ አስገብተዋት ቢሆን... አይ እሱም ልክ አይሆንም፣ እጅ ኳስ መከላከል ላይ እጅ ይጎተታል። ቢያንስ ግን ጥያቄው "ትመለስ ወይ" ሳይሆን "ምን ለመስራት ትመለስ" መሆን ነበረበት። ግብ ጠባቂ ሌላ ነው፣ ሹት ሲመልስ ክርኑ ወደኋላ ይገፋል። ጦር ወርዋሪ ሌላ ነው፣ የሴቶች ጦር 600 ግራም የወንዶች 800 ግራም ነው። ቮሊቦል ሌላ ነው። ትሬክ የምትሮጥ ልጅ ከሆነች ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ በጣም ቀድማ ትሮጣለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንድ በርን ስብሰባ የወጣ የባለሙያዎች ስምምነት መመለስን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፣ ወደ ልምምድ መመለስ፣ ወደ ስፖርቱ መመለስ፣ ወደ ቀድሞ ብቃት መመለስ። እኛ ጋ ያለው አንድ በር ብቻ ነው፣ ወይ ቤት ወይ ቋሚ አሰላለፍ።

አሁን "መሳሪያ የለንም" እንዳትሉኝ። አንዳንዱ ፈተና መሳሪያ አይፈልግም። መሬት ላይ ሁለት ፕላስተር በ91 ሳንቲሜትር ርቀት ትለጥፋለህ፣ ልጁ ፑሽ አፕ ቦታ ይይዛል፣ ሴቶች ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዱን እጅ እያሻገሩ የሌላውን ጎን መስመር መንካት ነው፣ ንክኪው ይቆጠራል፣ 21 እና ከዛ በላይ ጥሩ ነው ይባላል። ሜትርና የስልክ ሰዓት ነው የሚፈልገው። ሐኪም ወይ ፊዚዮ ደግሞ ክርኑን ወደ ውጪ እየገፋ ከታጠፈበት በፍጥነት ይዘረጋዋል፣ ከ120 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሃል ላይ ያ የድሮው ህመም ከመጣ ገና ነው። የጭብጥ ጉልበት በመለኪያ ይታያል፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ ሰው "ከሌላኛው እጅ ጋር እኩል ሆነ" ብሎ ይደሰታል፣ የምትወረውርበት እጅ ግን ከመጎዳቷ በፊትም ከሌላው ትበልጥ ነበር፣ ስለዚህ እኩል መሆን መጨረሻ አይደለም። የትከሻ መዞር ይለካል፣ በአንድ እግር ቆሞ ቁጢጥ ማለት ይታያል (ክርንና እግር ምን አገናኘው አትበሉ፣ ኃይሉ የሚነሳው ከእግርና ከወገብ ነው፣ እግር ሲደክም ክርን ይከፍላል)። ያዙልኝ ያልኳችሁ የ64 እና የ32 ነገር እዚህ ነው የሚመጣው፣ ጡንቻው ካልሸከመ ልዩነቱን ያ ገና ያልጠነከረ ጅማት ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ፈተናው ትኩስ ሆና ብቻ ሳይሆን ልምምድ ጨርሳ ደክሟትም መደገም አለበት፣ ጨዋታ የሚበላሸው ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው።

ከዛ የውርወራ ፕሮግራም አለ። ቤዝቦሎቹ 14 ሜትር ላይ በቀስታ ይጀምራሉ፣ እየጨመሩ እየጨመሩ እስከ 55 ሜትር ይሄዳሉ፣ በመሃል የእረፍት ቀን አለ፣ ካመመ ማቆም፣ ማረፍ፣ አንድ ደረጃ ወደኋላ መመለስ ነው፣ ፉክክር የለም። ይሄን ግን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፣ እኔ ራሴ ልገለብጠው ነበር ፊዚዮዋ ናት ያስቆመችኝ። የቤዝቦል ኳስ 145 ግራም ገደማ ናት፣ የሴቶች እጅ ኳስ ከ325 እስከ 375 ግራም ነው፣ ከሁለት እጥፍ በላይ። ደግሞ እነሱን ሲወረውሩ ማንም አይጎትታቸውም። ስለዚህ ለእህቴ ሌላ አወጣችላት፣ መጀመሪያ በቀላል ኳስ ግድግዳ ላይ ከቅርብ፣ ከዛ በራሱ ኳስ ቆሞ፣ ከዛ በሦስት እርምጃ፣ ከዛ ዘሎ ያለ ተከላካይ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ሰው እየነካት። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየች፣ አንዱ ላይ አምስት ሳምንት፣ እየተነጫነጨች።

የፍርሃት ነገርም አለ፣ በሱ እንቀልዳለን እንጂ። እጁን በሙሉ ልብ የማይለቅ ተጫዋች አወራወሩን ያበላሻል፣ ያበላሸው አወራወር ደግሞ ሌላ ቦታ ይጎዳዋል። እጃቸውን ከራስ በላይ አንስተው ለሚወረውሩ ስፖርተኞች የተዘጋጀ የከርላን ጆብ መጠይቅ የሚባል አለ፣ አስር ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከመቶ ይቆጠራል። ከአስሩ አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ፣ የክንድሽ ችግር ከአሰልጣኞችሽና ከአመራሩ ጋር ያለሽን ግንኙነት ምን ያህል ነክቶታል ይላል። እህቴ እዛ ጥያቄ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ዝም አለች። ህመሟን ከጠየቅናት ጊዜ ሁሉ የበለጠ ያን ቀን ነው ያዘንኩት፣ አሜሪካን አገር ያለ ሐኪም ያሰበው ነገር እኛ አጠገቧ ሆነን አላሰብነውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። ጅማት ተሰርቶ የሚመለስ ስፖርተኛ፣ ወንድም ሴትም፣ ክለብም ፕሮጀክትም፣ አንድ ገጽ ቅጽ ይኑረው። ቅጹ ላይ ምን እንደተሰራለት፣ ምን እንደሚጫወት፣ የትኛውን ፈተና መቼ እንዳለፈ ይጻፍ፣ ሦስቱም በሮች ለየብቻ ይፈረሙ። ቀን ይኑር፣ ግን ቀኑ "ከዚህ በፊት አይሆንም" የሚል ብቻ ይሁን። ፈራሚው የሰራው ሐኪም ወይም የያዘው ፊዚዮ ይሁን፣ ልጁም ይፈርም፣ ዕድሜው ካልደረሰ ወላጅ። አሰልጣኝ አይፈርም። ኮቾች እንዳትቀየሙኝ፣ እናንተን ስለማላምን አይደለም፣ ቅዳሜ ጨዋታ ያለው ሰው ዓርብ ዕለት ስለ ክርን ቢወስን ማንም ቢሆን ይሳሳታል፣ እኔም ብሆን። ወጌሻችንም ቢሆን ከኮች ጋር አንድ ቤንች ላይ ተቀምጦ፣ ደሞዙን ከዛው ቤት እየበላ፣ "አትገባም" በል ማለት ግፍ ነው። ቅጹ ላይ ያየውን የሚጽፍበት ቦታ ይሰጠው፣ በየቀኑ የሚያያት እሱ ነውና ከሁሉም የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውሳኔው ትከሻው ላይ አይውደቅ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው፣ ይሄን ካላነሳን ቅጹ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ውሏ ሰኔ የሚያልቅ ልጅ ሚያዝያ ላይ አመመኝ አትልም። ቮልታሬን ውጣ ትገባለች እንጂ፣ የህመም ማስታገሻ ክኒን ደግሞ ፈተናውን ራሱን ያስዋሻል። በጨዋታ ላይ የተጎዳ ተጫዋች ቢያንስ ቅጹ እስኪዘጋ ድረስ ውሉ እንዲራዘም፣ ሙሉ ደሞዝ ባይሆን ግማሹ እንዲከፈለው፣ ክለቦች ተነጋግረው አንድ ነገር ቢያደርጉ። በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። በየክረምቱ ለዝውውር የሚወጣውን ግን ሁላችንም እናየዋለን፣ ልተወው።

ስፖርተኞች ደግሞ እናንተንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ እናቶቻችን። "ደህና ነኝ" ከማለታችሁ በፊት ትንሿ ጣታችሁ ደህና እንደሆነች ጠይቋት። ሲደነዝዝ፣ በማግስቱ ክርኑ ሲያብጥ፣ ጠዋት ሲነሳ መዘርጋት ሲያቅት፣ ተናገሩ፣ ለኮች ማለት ከከበዳችሁ ለፊዚዮ፣ እሱም ከከበደ ለቤተሰብ። እኔ እህቴን ጠይቄያት አላውቅም ነበር፣ ጎል ስንት አገባሽ ነበር የምላት።

የታዳጊ አሰልጣኞች፣ በአጭሩ፣ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ክርን ገና አጥንቱ እያደገ ነው፣ በውስጠኛው በኩል የሚያመው ልጅ ከጅማቱ በፊት የዕድገት አጥንቱ ሊሆን ይችላል። "ይጠነክራል" ብላችሁ አታስወርውሩት። ዕረፍት ስጡት፣ ካልተወው አሳዩት።

የቅጹን ረቂቅ ከፊዚዮዋ ጋር ሆነን በአማርኛ ጽፈነዋል፣ ወደ ሲዳምኛ የሚመልስልን ሰው አግኝተናል፣ አንድ ገጽ ነው፣ ከጀርባው የውርወራው ደረጃ አለ። ሐኪሞች ታርሙት፣ ኮቾች ትጨቃጨቁበት፣ የማይሰራውን ሰርዙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ልጆቼን ይዤ ከሐይቁ ዳር ሩጫ መልስ ሜዳ ላይ ነኝ፣ ፕላስተሩም ሜትሩም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የመጣ ይሞክረው። እህቴም ትመጣለች፣ አሁን ዘላ ያለ ተከላካይ የምትተኩስበት ደረጃ ላይ ናት፣ ሰው የሚነካት ደረጃ ገና አልተፈረመም። ስብሰባ የምትጠሩ ከሆነ ቀኑን ብቻ አሳውቁኝ፣ ኮፒውን አባዝቼ እመጣለሁ።